ጠዋት ጠዋት የሚያልበው መስታወት

እህቴ ደውላ «ጋሼ፣ የጣሪያው መስኮትህ ያፈሳል» ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? «የማን መስኮት?» ነው ያልኳት። ሐዘኗ ገና አልወጣላትም፣ ድምጿ እንደ በሽተኛ ቅጥን ብሏል፣ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰው ስሜን ጠርቶ ቢሰድበኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። የገጠምከው መስኮት ያፈሳል ከተባልኩ ግን ምግብም አይበላልኝ።

ሥራዬ ጣሪያ ላይ መስኮት መግጠም ነው። የሰፈሩ ሰው «ጣሪያ ቀዳጁ» ይለኛል። «ሌላው ቀዳዳ እየደፈነ ይበላል፣ አንተ ደህናውን ጣሪያ እየቀደድክ ትበላለህ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ጨለማ ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ድንገት ከራሱ በላይ ሰማይ ሲከፈትለት ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየሁት እኔ ነኝ፣ እነሱ አይደሉም። ቆርቆሮውን እቆርጣለሁ፣ ክፈፉን እተክላለሁ፣ ዙሪያውን ላሜራ አለብሳለሁ፣ ጎማውን አስገብቼ መስታወቱን አስቀምጣለሁ። አንዳንዱ ሲሊኮኑን ለቅልቆ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። እኔ ላዩ ላይ ውሃ አስለቅቄ፣ ከታች አንጋጥጬ አንገቴ እስኪደርቅ ሳላይ ከሰው ቤት አልወጣም።

ይሄኛው መስኮት ደግሞ ከሁሉም ይለይብኛል። የእህቴ ልጅ መስኮት ነው። ወፌ ነበር የምላት፤ ሕፃን ሳለች «ወፌ ቆመች» ስንላት ብድግ ብላ ቆማ ስላሳቀችን ስሙ እዚያው ቀረ። ሳንባዋን ነው የታመመችው። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ቀረች፣ በመጨረሻ አልጋ ላይ ዋለች። የክፍሏ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ስቀልድ ዝም ብላ አየችኝና «አጎትዬ፣ የሰውን ሁሉ ጣሪያ ስትቀድ የእኔን ለምን አትቀድልኝም?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። በማግስቱ መሰላሌን ተሸክሜ መጣሁ።

ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮቱም ልክ ከአልጋዋ በላይ። ትንፋሿ ደህና በሆነ ቀን አባቷ ትከሻው ላይ ያወጣትና መስታወቱን በመዳፏ ትነካዋለች። «ሰማይ ይቀዘቅዛል» ትለናለች። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ጠማማ ነበረች። ገና ስትድህ የቁም ሳጥን በር ጨፍልቋት፣ ወደ ሌሎቹ ጣቶች እንዳጎነበሰች ነው የዳነችው። በዚያች ጣት ስንቱን ቀልጃለሁ! «ይቺ ደግሞ ምን ጠፍቷት ነው የምታጎነብሰው?» እላታለሁ፤ «ወሬ ልትሰማ ነዋ» ትለኛለች።

ከዚያ ሞተች። ሌላ የምለው የለኝም።

ከቀብሩ በኋላ እህቴና ባሏ እናታችን ቤት ሄደው ሰነበቱ። ቤቱ ባዶ ሳለ ያ ክፉ በረዶ ወረደ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለነበር ሄጄ ባይ የወፌ መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ለማንም ትንፍሽ ሳልል አዲስ መስታወት ከሱቅ አምጥቼ፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ልጬ፣ ጎማውንም በአዲስ ለውጬ ገጠምኩት። ሁለቱንም ፊት እስኪያብረቀርቅ ወለወልኩት። ስባሪውን በጆንያ አድርጌ ጣልኩት። ልጃቸውን ለቀበሩ ሰዎች ስለ መስታወት ምን ተብሎ ይወራል? እንግዲህ ፍረዱኝ፤ መስታወቱ አዲስ፣ ጎማው አዲስ፣ ይሄው ያፈሳል ተባልኩ።

እቃዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

በሩን የከፈተልኝ አማቼ ነው። ቁልፍ ሠሪ ነው እሱ፤ ገበያው መግቢያ ላይ ሁለት ሰው የማታስገባ ሱቅ አለችው። ሰዉ «ጓጉንቸሩ» ይለዋል፣ ለሥራውም ለአፉም። ከእሱ አንድ ቃል ከማውጣት ጥርስ መንቀል ይቀላል። ልጁ ስትቀበር አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣውም። እኔ ትልቅ ሰውዬው አፈር ላይ ስንከባለል፣ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ጠመድኩት። እህቴም ከዚያ ወዲህ መኝታ ቤቱን ለብቻዋ ይዛለች፤ እሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ያድራል። ተጣልተው እንኳ አይደለም። የሚነጋገሩት አጥተው ነው።

«ደህና ነህ?» አልኩት ለወጉ።

አንገቱን ነቀነቀ፣ አለቀ።

እህቴ የወፌን ክፍል ቆልፋዋለች። ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ነው፤ ከሰውነቷ አታወጣውም። ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ትገባለች፣ አቧራውን ታራግፋለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። ከፍታ አስገባችኝ። ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው። የትምህርት ቤት ጫማዋ አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ማስተንፈሻዋ ራስጌ አለ። ክፍሉ የመድኃኒትና የሳሙና ሽታ ይሸታል። የጎረቤትን ግድግዳ የሚያሳየው መስኮት ከታመመች ጀምሮ ብርድ እንዳያስገባ በፕላስቲክ እንደተለበጠ ነው።

«ትራሱን ንካው» አለችኝ።

ነካሁት። ርሷል።

«ቆይ፣ አንቺ እዚህ ሆነሽ እዪ» አልኩና የውሃውን ጎማ ጎትቼ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። መስታወቱ ላይ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከሥር ውሃውን ለቀቅኩበት። ከታች የእህቴ ፊት ተንጋጦ ያየኛል።

«ጠብ አለ?» ብዬ እጮሃለሁ።

«አላለም!»

«አሁንስ?»

«ኧረ አላለም ጋሼ!»

እንዴት ብሎ ጠብ ይላል? ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። ነገሩ እዚያው ቢያበቃ ደስታዬ ነበር።

«ለመሆኑ የሚያፈሰው ዝናብ ሲዘንብ ነው?» አልኳት።

«አይደለም። እሱ ነው የጨነቀኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ጠዋት ነው የሚብሰው።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ልንገርህ፣ ግን እንዳትስቅብኝ።»

«መቼ ስቄብሽ አውቃለሁ?»

«ሁልጊዜ ትስቅብኛለህ።»

«እሺ ዛሬ አልስቅም።»

«ሊነጋጋ ሲል በግድግዳው ወዲያ ትንፋሽ እሰማለሁ» አለች። «ነፋስ ነው እንዳትለኝ። ስትታመም ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሳዳምጠው የከረምኩት ትንፋሽ ነው። ይገባል፣ ይወጣል፣ ይያዛል፣ እንደገና ይገባል። እግሬ አይታዘዘኝም፣ አልነሳም። ፀሐይ ስትወጣ ደፍሬ እከፍታለሁ፤ ማንም የለም። ትራሱ ላይ ግን እንባ አለ።»

«ውሃ ነው እንጂ እንባ አይደለም።»

«ዓይኗ በሚያርፍበት ልክ ነው የሚወድቀው ጋሼ!»

አልሳቅኩም። ያልሳቅኩት ቃል ስለገባሁ አይደለም።

«ዝጋልኝ» አለችኝ። «ቀዳዳ ከፍተንባት ነው ማረፍ ያቃታት። ሰው ጣሪያ ተከፍቶበት ይተኛል? ላዩ ላይ ቆርቆሮ ምታበትና ልጄ ትረፍ። ካልዘጋኸው እዚህ ቤት አልኖርም። በፈጣሪ ልበድ እንዴ?»

የገጠምኩትን መስኮት ድፈነው የሚለኝ ሌላ ሰው ቢሆን መሰላሌን ይዤ ሄጄ ነበር። እሷ ግን ሰውነቷ አልቋል፤ ትከሻዋ ላይ ያለው አጥንት በልብሷ ላይ ይታያል። እንዲህ ከከረመች ልጅቷን እንደምትከተል ገባኝ። ቀና ስል አማቼ በሩ ላይ ቆሟል።

«አንተስ ምን ትላለህ? ያንተም ቤት ነው፣ ያንተም ልጅ ናት» አልኩት።

እኔን አላየኝም፤ ወደ መስታወቱ ነው ያየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «እሷ ከፈለገች...» አለና የቀረውን ዋጠው።

ኧረ በሕግ! አንድ ነገር ብትል ምን አለ? ተው በል፣ አዎ በል፣ ስደበኝ! እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆሞ ቀረ። እህቴ ባትኖር በመዶሻዬ ነበር የምለው።

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ እዘጋዋለሁ» ብዬ ለእህቴ ነገርኳት።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራት ቀረሁ። በብርድ ወራት የሚደውልልኝ ደንበኛ ግማሹ «ያፈሳል» ባይ ነው፤ ሄጄ ሳየው ማፍሰስ ሳይሆን ላብ ነው። የሰው ትንፋሽ ሞቃት ነው፣ መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። ፀሐይ ስትመታው ላቡ ተሰብስቦ ጠብ ጠብ ይላል። ጥርት ባለና በበረደ ጠዋት ይብሳል፣ ልክ እሷ እንዳለችው። እሺ፣ ላቡስ ላብ ነው። ግን እኮ ባዶ ክፍል አያልበውም። ሰው ያልተነፈሰበት ክፍል መስታወቱ ደርቆ ያድራል። ክፍሉ ደግሞ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እህቴ አንገት ላይ ነው፣ መስኮቱ ተለብጧል። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ድመት እንኳ የምትገባበት የለም። ጫማዎቿን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

እህቴ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ እኔ ከልማዴ የተነሳ በርጩማ ላይ ወጥቼ መስታወቱን በኮምጣጤና በጋዜጣ መወልወል ጀመርኩ። ነገ የሚዘጋ መስታወት ምን ይወለወላል? እጄ ለምዶት ነው እንጂ። ከኋላዬ «ምን እያደረግክ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አማቼ ነው። በሩን ጨብጦ ይዞ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዓይንህ አያይም? እየወለወልኩ ነዋ!»

ዞሮ ሄደ። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ሆኗል ብዬ ሥራዬን ጨረስኩ።

ጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳታግለው መጀመር አለበት። በማግስቱ ገና ሰማዩ ነጣ ሲል ደረስኩ። እነሱን አልቀሰቀስኩም፤ መሰላሌን በውጭ በኩል አስደግፌ፣ በልኩ የቆረጥኩትን ላሜራ ተሸክሜ ወጣሁ። ሰፈሩ ዝም ብሏል። ቆርቆሮው ላይ ጤዛ አለ፤ እንዳያንሸራትተኝ በጉልበቴ እየዳህኩ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

መስታወቱ ነጭ ሆኗል።

በእጄ ጠረግኩት፤ ጤዛው ከውጭ ነው ብዬ። አልተጠረገም። ከውስጥ ነው። የውስጡ ፊት በሙሉ በትንፋሽ ታፍኗል። ላሜራውን ለቅቄ ልሂድ አልኩ፤ ሰውነቴ እምቢ አለኝ። ከዚያ ዓይኔ ቀስ እያለ ሲለምድ ጉሙ መሃል አንድ ቦታ ጉም እንዳልያዘው አየሁ። የእጅ ቅርጽ ነው። ትንሽ እጅ። አራቱ ጣቶች ቀጥ ብለዋል፣ ትንሿ ወደ ሌሎቹ አጎንብሳለች።

የሰው ያለህ! እኔ ለሰማይ ቅርብ ሆኜ ጣሪያ ላይ ስውል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ከፍታ ፈርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን መሬቱ የት እንዳለ ጠፋኝ። በሁለት እጄ ክፈፉን አንቄ ያዝኩ። ጎንበስ ስል ደግሞ በዚያች መዳፍ ውስጥ፣ መስታወቱ ጥርት ባለበት፣ ከታች የሚያየኝ ዓይን አየሁ።

ዓይኑ ጨፈን አለ፣ ተከፈተ። የትልቅ ሰው ዓይን ነው። አማቼ ነው። በዚያች የልጅ አልጋ ላይ ተጠቅልሎ፣ እግሩ ከአልጋው ተርፎ ተንጠልጥሎ፣ በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ ያየኛል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ላሜራውን ጣሪያው ላይ ትቼ ስወርድ የውጭውን በር ከፍቶ በባዶ እግሩ ይጠብቀኛል። እጄን ይዞ ወደ ወፌ ክፍል አስገባኝ።

«በምን ገባህ?» አልኩት በሹክሹክታ። «ቁልፉ እሷ አንገት ላይ አይደል?»

ከኪሱ አንዲት አዲስ ቁልፍ አውጥቶ አሳየኝ። «ሥራዬ እኮ ነው» አለ።

ሞኝ! ራሴን ነው የሰደብኩት። ቁልፍ ሠሪን በር ተዘግቶበታል ብዬ ነው አጋንንት ሳስብ ያደርኩት።

«ከእናታችሁ ቤት ስንመለስ ነው» አለኝ። እስከዚያ ቀን ከእሱ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። «ጠረኗን ላሽት ብዬ ገባሁ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ እጇ እዚያ ነበረች። በትንፋሼ ነው የምትወጣው ጋሼ። ፀሐይ ስትመጣ ትጠፋለች። ስለዚህ ሶፋው ላይ የተኛሁ መስዬ፣ ሊነጋ ሲል እገባና እተነፍሳለሁ። እስክትወጣ እጠብቃለሁ። አያታለሁ። ከዚያ አልጋውን አስተካክዬ እወጣለሁ።»

«ለሚስትህ ለምን አትነግራትም? እሷ እኮ እያበደች ነው!»

«ምን ብዬ? ሁሉም ሰው ድንጋይ ነው የሚለኝ። አንተም ትላለህ።» ዓይኑን ከመስታወቱ አልነቀለም። «ትከሻዬ ላይ ሳወጣት የነካችው ነው። የእጇ ወዝ እዚያ ቀርቶ ነው። ትናንት በኮምጣጤ ስትፈትገው በቃ አጠፋት ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ግን ይኸው፣ አልጠፋችም። ያንተ ጋዜጣ እንኳ አላጠፋትም። ጋሼ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ፣ አትዝጋብኝ። ሌላ የቀረኝ የለም።»

ይህን ብሎ አለቀሰ። ያ ቀብር ላይ የቆመው ሰውዬ ትራሱን አፉ ላይ አፍኖ ትከሻው እየተናጠ አለቀሰ። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ ግን መንገድ ላይ ቀረ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ወዝማ በኮምጣጤ ይጠፋል። እሱስ ይቅር፣ በደንብ አልፈተግኩት ይሆናል። ይሄ መስታወት ግን ወፌ ከሞተች በኋላ የመጣ ነው። ከሱቅ ተሸክሜ ያመጣሁት፣ ወረቀቱን የላጥኩት እኔ ነኝ። እሷ የነካችው መስታወት በጆንያ ሆኖ የተጣለው ነው። ይሄን አንድም ቀን አልነካችውም። ቀና ብዬ እንደገና አየሁ፤ ጣቷ እንዳጎነበሰች ናት።

በሩ ሲጥ አለ።

እህቴ ናት። ልቅሶውን በግድግዳው ሰምታ ነው የመጣችው፤ ያን ቀን ደፈረች። ክፍሉ ውስጥ ገና ድንግዝግዝ ነው። አልጋው ላይ ሰው አየች።

«ወፌ?» አለች።

ያን ድምፅ የሰማ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። እኔ አልረሳውም።

ከዚያ ባሏን ለየችው። ቁልፉን አንገቷ ላይ ዳሰሰች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች። «አንተ ነህ? የምትተነፍሰው አንተ ነህ?» ብላ ተወረወረችበትና ደረቱን በቡጢ ትመታው ጀመር። «ስሞት እያየህ! በፍርሃት ስሞት እያየህ! አንድ ቀን እንኳ ሳታለቅስላት!»

«እዚህ ነበር የማለቅሰው» አለ። እጇን አልያዘም፤ እስክትጨርስ ተመታ። ሲደክማት አገጯን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሳው። «እያት።»

አየች። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ከዚያ ያቺን ጠማማ ጣት አወቀቻት። አፏን በመዳፏ ያዘች። አልጋው ላይ ወጥታ በጉልበቷ ቆመች፣ ግን አልነካችም፤ የራሷን እጅ ከልጇ እጅ ሥር፣ ትንሽ ዝቅ አድርጋ፣ በአየር ላይ ያዘች።

ወዲያው ወደ እኔ ዞረች። እሱም ዞረ። ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሁለቱም እንደ ልጅ ነው የሚያዩኝ።

«ጋሼ፣ ሥራህ ነው፣ አንተ ታውቃለህ። የሰው እጅ መስታወት ላይ ይሄን ያህል ይቆያል? እውነት የነካችው ነው? ወይስ...»

የቀረውን አልጨረሰችውም። አላረፈችም ወይ ማለቷ ነው። በዚያ ከመጨነቅ ነው ጣሪያውን ድፈን ያለችኝ። እውነቱን ብነግራት ይሄ መስታወት አዲስ ነው፣ ልጅሽ አልነካችውም፣ ያቺ እጅ ከየት እንደመጣች አላውቅም ልላት ነው። እሱ ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣባት ያቺ ቀን ልትወሰድበት ነው፤ እሷ ደግሞ ዳግመኛ በዚያ ግድግዳ አጠገብ ልትተኛ አትችልም። እኔ ስለ ሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም። ሲሊኮኑ አንድ ፀጉር ታህል ቢጎድል ለደንበኛው እናገራለሁ፣ ሞኝነት ነው ይሉኛል።

«ይቆያል» አልኩ። «ደህና መስታወት ከሆነ፣ በደንብ ከተገጠመ፣ ይቆያል። እኔ የገጠምኩት እኮ ነው።»

እህቴ በእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። «አይ ጋሼ፣ አሁንም ጉራህን!» አለችኝ። ባሏ ትከሻ ላይ ተደግፋ ወደ ላይ ስታይ፣ ሁለቱም ሲተነፍሱ፣ ጉሙ ወፍራም ሆነ፣ እጇም ጎላ አለች። ፀሐይ ወጣች። ጠብታው ወደ ትራሱ ሲወርድ አማቼ በመዳፉ ተቀበለው።

ላሜራውን ከጣሪያው አውርጄ ወደ ቤቴ ይዤው ተመለስኩ። ከክፈፉ ሥር ቀጭን አሸንዳ ሠርቼ ላቡ ወደ ውጭ እንዲወጣ አደረግኩ፤ ትራሱ ከዚያ ወዲህ አልረጠበም። ክፍሉ አይቆለፍም። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም እዚያ ናቸው፣ ተደጋግፈው፣ በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ። እህቴ ሥጋ እየመለሰች ነው። ጓጉንቸሩም ማውራት ጀምሯል፤ አሁንማ ዝም በለን እስከማለት ደርሻለሁ።

አንድ ቀን ግን እነሱ ገበያ ሲሄዱ ለሥራ የመጣሁ መስዬ ብቻዬን ገባሁ። ብርድ ነበር። በርጩማው ላይ ወጥቼ መስታወቱ ላይ ተነፈስኩበት። ጉም ያዘው፣ ለቀቀው። እንደገና ተነፈስኩ። «ወፌ፣ እኔ ነኝ፣ አጎትሽ» አልኳት። ጭንቅላቴ እስኪዞር፣ ደረቴ እስኪደክም ተነፈስኩ። መስታወቱ ንጹህ ነው፤ ራሴ እንደወለወልኩት፣ ራሴ እንደገጠምኩት። በመዳፌ ነካሁት። ይቀዘቅዛል።

ለእኔ አልወጣችም። አባትና እናቷ አሉ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ? አልተቀየምኳትም። ትንሽ ግን ተቀይሜያለሁ።